የሠርካለም ጾም

ይታየሽ ልጇን ሠርካለምን ይዛ መጀመሪያ ወደ ጤና ጣቢያችን የመጣችው በጥር፣ ጥምቀት ባለፈ በሦስተኛው ቀን ነው። ልጅቱ አንድ ዓመት ከስምንት ወሯ ነበር። ከጋዝጊብላ ደጋ የሁለት ሰዓት መንገድ አዝላት መጥታ፣ ጠረጴዛዬ ጠርዝ ላይ አስቀመጠቻትና እጅጌዋን ሰበሰበችልኝ። በክርኖቿ እጥፋት፣ ከጉልበቶቿ ኋላና በጉንጮቿ ላይ ቆዳዋ ቀልቶና ተሰነጣጥቆ፣ አንዳንዱ ቦታ ውኃ ቋጥሮ ነበር። እናቷ እጇን በለቀቀችላት ቁጥር ታክካለች፤ ስለዚህ ይታየሽ የልጅቱን ሁለት እጆች በአንድ እጇ ጨብጣ ነው ያነጋገረችኝ።

ችፌ ነበር። እከክ እንዳልሆነ ለማረጋገጥ የልጅቱን የጣት መሐል፣ የእናቷንም የእጅ አንጓ አየሁ፤ ንጹሕ ነው። ችፌ ከሰው ወደ ሰው አይጋባም፤ ምክንያቱም አንድ ብቻ አይደለም። ቆዳው ደረቅና ቁጡ ሆኖ የተወለደ ልጅ፣ ሌላውን ልጅ ምንም የማያደርገው ነገር ይቀሰቅስበታል፦ ሳሙና፣ ሱፍ፣ ላብ፣ ብርድ፣ አቧራ፣ አንዳንዴም ምግብ። የሚቀባ መድኃኒትና ቫዝሊን ሰጠኋትና፣ ሕመሙ የተነሣባቸውን ቀኖች ታስታውስ እንደሆነ ጠየቅኋት።

አስታወሰች። ባሏ ጌታሰው ባሕር ተሻግሮ ሳዑዲ ከገባ ወዲህ አባቷ ቤት ነው የምትኖረው፤ ቀን የምትቆጥረውም በበዓል ነው። የመስቀል ማግሥት፣ ኅዳር ጽዮን በዋለች በሁለተኛው ቀን፣ የገና ማግሥት፣ አሁን ደግሞ ጥምቀት። ብዙ እናቶች «ሰሞኑን» ወይም «ቆየት ብሏል» ብለው ያልፉኛል፤ እሷ ግን አራት ቀን በትክክል ሰጠችኝ። ለልጅቱ አንድ ደብተር ከፈትሁና አራቱንም ጻፍሁ።

እኔ ነርስ ነኝ፤ ተስፋው እባላለሁ። በዚያ አገር ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው፤ ማረሙን ከተውሁ ቆይቻለሁ።

ሁዳዴ ከገባ በኋላ ይታየሽ በየአሥራ አምስት ቀኑ፣ ለገበያ ስትወርድ፣ ልጅቱን ታሳየኝ ነበር። በሁለተኛው ጊዜ የጉንጮቿ መቅላት ጠፍቷል፤ በሦስተኛው ጊዜ የክርኖቿ ቁስል ደርቆ አዲስ ቆዳ ወጥቷል። ቅባቱ ያልቃል እያለች ከጀመረች አንድ ሳምንት ሳይሞላት አቁማዋለች። ታዲያ ምን ተለወጠ ብዬ ስመረምራት፣ ወተት መተዋቸው ተገለጠልኝ። ቤቱ አንዲት የምትታለብ ፍየል አለችው። በሌላው ጊዜ ወተቷ የሠርካለም ነው፤ በሁዳዴ ግን ግልገሉ ይጠባዋል። ልጅቱ ትጾማለች ማለት እንዳልሆነ ይታየሽ አስረዳችኝ፤ ልጅ ጾም የለበትም። ግን የሚያልበው እጅና የጾሙን ወጥ የሚሠራው እጅ አንድ ነው፤ ወተቱ የሚቀመጥበትም ዕቃ ከሌላው ዕቃ ጋር ነው የሚታጠበው። የሚጾመው ዕቃው ነው።

ሌላ ጊዜ ቢሆን እቆጣ ነበር። ለልጅ የራሷ ኩባያ ይለይላት፣ የሁለት ዓመት ልጅ ሃምሳ አምስት ቀን ያለ ወተት አትቆይም ብሎ ማስተማር የዘወትር ሥራዬ ነው። የዚያን ቀን ግን አልተቆጣሁም። እኔ ባዝዛት እሺ የማትለኝን ሙከራ የቤቱ ሥርዐት ራሱ እየሠራልኝ ነበር። ዝም ብዬ ደብተሩ ላይ «ያለ ወተት፤ ቆዳዋ ዳነ» ብዬ ጻፍሁ።

በፋሲካ ሳምንት፣ ማክሰኞ፣ ተመልሳ መጣች። ልጅቱ ከአንገቷ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ቀልታ ነበር። እሑድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ወተት ጠጥታለች፤ ሰኞ ቅቤ የገባበት ፍትፍት በልታለች። ደብተሩን ገልጬ አየሁት፦ መስቀል፣ ገና፣ ጥምቀት፣ ፋሲካ፤ ሁሉም ፍስክ። ኅዳር ጽዮን በነቢያት ጾም ውስጥ የምትውል ስለሆነች ከሌሎቹ ጋር አትሄድም ነበር፤ እናቲቱ ቀኑን ተሳስታ ይሆናል ብዬ አለፍኋት። በአራቱ አምኛት በአምስተኛው ያላመንኋት፣ አምስተኛው ስላልተመቸኝ ብቻ ነው።

«ወተቱ ነው» አልኋት። «እንደ ሁዳዴው አድርገሽ ያዣት።»

ይህን አባባል የመረጥሁት አጭር ስለሆነና ወዲያው ስለሚገባ ነው። በሐሳቤ የነበረው፣ የፍየል ወተቱን ለአራት ሳምንት ብቻ አቁማ እንድናይ፣ በምትኩ ዕንቁላልና ጥራጥሬ እንድትጨምርላት ነበር። ደብተሩ ላይም «ለአራት ሳምንት» ብዬ ጽፌአለሁ። ለእሷ ግን አራት ሳምንት የሚለውንም ዕንቁላሉንም አልነገርኋትም። ከበር ውጭ ሠላሳ ያህል ሰው ተሰልፎ ይጠብቀኝ ነበር።

በሰኔ ለወባ ዘመቻ ወደ ዝቋላ ቆላ ተላክሁና ሁለት ወር እዚያው ቆየሁ። ስመለስ የሠርካለም ደብተር መሳቢያዬ ውስጥ እንደተወሁት ነበር። የግንቦት፣ የሰኔና የሐምሌ ክብደት የሚጻፍበት ቦታ ባዶ ነው። ክረምት ነው፣ መንገዱም ጭቃ ነው፣ ባይብሳት ነው የቀረችው ብዬ ተጽናናሁ።

ነሐሴ ዘጠኝ ቀን መጡ። የዚያን ቀን ያዘሏት አያቷ አያ ቅጣው ነበሩ። ከሱፍ ባና ውስጥ አውጥተው አልጋው ላይ ሲያስቀምጧት አላለቀሰችም፤ የፈራሁትም ያንን ነው። የክንድ መለኪያው ሪባን ቀዩን፣ የከፋውን የረሃብ ምልክት፣ አሳየኝ። ሁለቱም እግሮቿ አብጠዋል። የፀጉሯ ቀለም ለቅቋል። ችፌውም ነበር፤ ከዚያ ሁሉ ጊዜ የከፋ ሆኖ በአንገቷ ዙሪያ፣ በብብቷና በክርኖቿ እጥፋት ላይ ነበር፤ ሁለት ቦታም መግል ይዟል።

ምን እንደምትበላ ጠየቅሁ። ይታየሽ ቂጣ፣ ድንች፣ ስታገኝም ሽሮ እንደምትሰጣት ነገረችኝ።

«ዕንቁላልስ?» አልኋት።

«ዕንቁላል በሁዳዴ ይበላል እንዴ?» አለች። እየቀለድሁባት መስሏት ነበር።

ከፋሲካ ሳምንት ጀምሮ፣ አራት ወር ሊሞላ ጥቂት ቀን እስኪቀረው፣ ያቺ ልጅ ወተት፣ ቅቤ፣ ዕንቁላል፣ የሥጋ መረቅ የሚባል ነገር አልቀመሰችም። እናቷ ከእኔ ትእዛዝ አንዲት ነገር አላጓደለችም። ፈተና እንዳይሆንባት ብላ ፍየሏን ለእኅቷ ሰጥታታለች።

አያ ቅጣው ለልጃቸው በኽምጣንጋ ቋንቋ አንድ ነገር አሏት፤ እሷም በአጭሩ መለሰችላቸው። እኔ ሰቆጣ ተወልጄ ቋንቋውን በግማሽ ነው የምሰማው፤ የአባትዬውን ንግግር ግን በደንብ ሰማሁት፤ ነግሬሽ ነበር ነው የሚሉት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው በአማርኛ ደገሙልኝ።

«ዶክተሩ ወተት መርዟ ነው ብሏል ብላ ፍየሏን ከበረቴ አስወጣቻት። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ወተት የሚጠላ ልጅ አላየሁም። ግን አልተማርሁም፤ ዝም አልሁ።»

ወደ ልጅቱ ተመለስሁ። ልጅቱን ስመረምር የነጭ ቀሚሷ አንገት ጣቴን ሻከረኝ፤ ጨርቁ እንደ ወረቀት ድርቅ ብሏል። ስለ ቀሚሱ ጠየቅኋት። የፍልሰታ ጾም ከገባ ጀምሮ ሠርካለምን በየቀኑ ለቁርባን እንደምታደርሳትና ያ ቀሚስ የቤተ ክርስቲያን ልብሷ እንደሆነ ነገረችኝ። በየሦስት ቀኑ በእንዶድ ታጥበዋለች። በበጋ ወንዝ ወርዳ ደጋግማ ታለቀልቀዋለች። በክረምት ግን ወንዙ ደፍርሶ ነው የሚወርደው፤ ነጩ እንዳይጠቁርባት ከጣራ በተጠራቀመ ጥቂት ውኃ አንዴ ታስነካውና እንዶዱ በደንብ ሳይለቅ ታሰጣዋለች። እንዶድ ሲወቀጥ አረፋው የአዋቂን እጅ እንኳ ያሳክካል፤ ይታየሽም ይህን ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ።

በሁዳዴ ልጅቱን ቤተ ክርስቲያን ትወስዳት እንደነበር ጠየቅሁ። አልወሰደቻትም። ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ስለሚገባና ስለሚረዝም፣ ልጅቱ ከአያቷ ጋር ትውል ነበር፤ የምትለብሰውም አሮጌ ሸሚዝ ነው። ወሩም ሞቃት ስለሆነ ያ የሱፍ ባና ተጠቅልሎ ተቀምጧል። በፋሲካ ወተቱ ተመለሰ፤ ቀሚሱም ተመለሰ። በኅዳር ጽዮን ወተቱ አልነበረም፤ ቀሚሱ ግን ነበር። ወተት በሌለበት በፍልሰታ ደግሞ ቀሚሱና ባናው ከልጅቱ ገላ ተለይተው አያውቁም።

በበዓል ቀን አንድ ነገር ብቻ አይለወጥም። ምግቡም፣ ልብሱም፣ የሚዋልበት ቦታም አብሮ ይለወጣል። እኔ ስለ ምግቡ ጠይቄ፣ መልስ ሳገኝ መጠየቄን አቆምሁ።

ቀሚሱን አወለቅሁላት፤ ባናውንም ለአያ ቅጣው መለስሁ። የጤና ጣቢያውን የጥጥ አንሶላ አልብሼ፣ አምቡላንስ ጠርቼ ሰቆጣ፣ በምግብ እጥረት የተጎዱ ሕፃናት ወደሚተኙበት ክፍል ላክኋቸው። በሪፈር ወረቀቱ ላይ ወተት እንዳልተከለከለች ጻፍሁ። ለይታየሽም ነገርኋት፤ ግን አምቡላንሱ በር ላይ፣ ሞተሩ እየጮኸ፣ በሁለት ቃል ነው የነገርኋት።

በማግሥቱ የክፍሉ ኃላፊ ሲስተር አልጣሽ ደወለችልኝ። አብረን ሠርተናል፤ ስትናደድ ድምፅዋ ቀዝቀዝ ይላል።

«ተስፋው፣ የላክሃት እናት ወተታችንን አላስነካም ብላለች። ዶክተር ተስፋው ከልክሎኛል ነው የምትለው። እዚህ ያሉት ሐኪሞች ሁለት ናቸው፤ ለእሷ ሁለቱም አንተን አልበለጡም። ና።»

እዚያ ሕክምናው የሚጀመረው በወተት ነው። ተመጥኖ የተዘጋጀ ወተት በየሦስት ሰዓቱ በጥቂት በጥቂቱ ይሰጣል፤ ሌላ መንገድ የለም ማለት ይቻላል። በአፍንጫዋ በቱቦ እንስጣት ሲሉ ይታየሽ ልጇን ታቅፋ እስከ ግቢው በር ደርሳ ነበር። ለምነው መለሷት፤ እስካሁን የስኳር ውኃ ብቻ ነው የምታስወስዳት። እስከ ማታ ካልጀመረች ምን እንደሚሆን ሲስተር አልጣሽ አልነገረችኝም፤ ሁለታችንም እናውቀዋለን።

ረፋዱ ላይ ደረስሁ። ክፍሉ ስምንት አልጋ አለው። ይታየሽ ጥጉ ላይ ካለው አልጋ ጫፍ ተቀምጣለች፤ ሠርካለም በጭኗ ላይ ተኝታለች። ከጎኗ ያለችው፣ ከኒሯቅ የመጣች እናት፣ እኔ ስገባ ሳቅ አለች። ይህ ነው የወተቱ ባለቤት ብላ ጠየቀች፤ ጾም ባይሆን ኖሮ እኔው እጨርስላት ነበር ብላም ጨመረች። ሌሎቹ ሳቁ። ይታየሽ አልሳቀችም።

አጠገቧ ተቀመጥሁ። ወተት ጠላቷ እንዳልሆነ፣ ችፌውን ያነሣሣው እንዶዱና ሱፉ ሳይሆን እንዳልቀረ፣ ልጅቱ አሁን የምትሞተው በቆዳዋ ሳይሆን በረሃብ እንደሆነ አስረዳኋት። 

«ወተት ነው ያሉኝ እርስዎ ነዎት» አለች።

«ተሳስቼ ነበር።»

«መቼ? ያን ጊዜ ነው የተሳሳቱት፣ ወይስ አሁን?»

 ሲስተር አልጣሽ የወተቱን ኩባያ እንደያዘች በሩ አጠገብ ቆማለች።

«ያን ጊዜ» አልሁ።

«በምን አወቁ? ያን ጊዜም እንዲህ ደብተር ይዘው፣ እንዲህ ረጋ ብለው ነው የነገሩኝ። እኔ የነገሩኝን አደረግሁ። አባቴ እየተቆጣኝ አደረግሁት። ጎረቤት ልጇን በረሃብ ቀጣች እያለ አደረግሁት። አሁን ተነሥተው ስጪ ሲሉኝ እሰጣለሁ? ደግሞ በመስከረም ምን ሊሉኝ ነው?»

በቁጣ አልተናገረችም። ሒሳቡ እንዳልገጠመለት ሰው ነበር የምትጠይቀኝ። ስለዚህ እኔም የማውቀውንና የማላውቀውን ለይቼ ነገርኋት። በፍልሰታ ወተት ሳትቀምስ ስለባሰባት፣ ወተት ብቻውን ምክንያት ሊሆን እንደማይችል አውቃለሁ። እንዶዱ ይሁን ባናው ወይስ ሁለቱም፣ እሱን አላውቅም፤ አንዱን አንሥቼ ሌላውን ትቼ ለማየት ጊዜ ስለሌለኝ ሁለቱንም በአንዴ አንሥቻለሁ። ወተቱ በጥቂቱ የሚጨምርባት ነገር ይኖር እንደሆነም በእርግጠኝነት አላውቅም። ያለ ወተት ግን ሳምንት እንደማትቆይ አውቃለሁ።

ለረጅም ጊዜ የልጅቱን ክንድ ስታይ ቆየች። ከዚያ አንሶላውን ገልባ ክንዷን ወደ እኔ አዞረችው።

«ከትናንት ይህ ቀንሷል» አለች። «ቀሚሱ ከወለቀ ወዲህ።»

እውነት ነው፤ ቀንሷል። እኔ አላየሁትም ነበር።

«አንድ ማንኪያ» አለች። «ከዚያ የማየው እኔ ነኝ። እርስዎ አይጻፉ።»

ሲስተር አልጣሽ ኩባያውን ሰጠቻት። ይታየሽ መጀመሪያ አንዲት ጠብታ በልጅቱ ከንፈር ላይ አኖረችና ጠበቀች። ከዚያ ግማሽ ማንኪያ። ከዚያ አንድ። በየመሐሉ ልጅቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን እያዞረች ጉንጮቿን፣ አንገቷን፣ ከጆሮዋ ኋላ ትመለከታለች። ሲስተር አልጣሽ ሌሎቹን አልጋዎች አዳርሳ ስትመለስ፣ ለአንዲት ኩባያ ወተት ይህን ያህል ጠባቂ አይታ እንደማታውቅ ነገረችን። የኒሯቋ እናት የራሷን ልጅ አቅፋ መጥታ አብራን ማየት ጀመረች። በሁለት ሰዓት ውስጥ ኩባያው አለቀ። ቀጣዩ ሲመጣ ይታየሽ ግማሽ ማንኪያውን ዘላ በሙሉ ማንኪያ ጀመረች።

ያን ቀንና ቀጣዩን እዚያው ዋልሁ። ከዚያ ሥራዬ ላይ መመለስ ነበረብኝ። በየቀኑ ለሲስተር አልጣሽ እደውላለሁ፤ ትጠጣለች፣ መግሉ እየደረቀ ነው፣ ዛሬ አለቀሰች ትለኛለች። ማልቀሷ ደስ አለን።

በስድስተኛው ቀን ጠዋት ተመልሼ ስሄድ ልጅቱ ሚዛን ላይ ነበረች። ስትገባ ስምንት ኪሎ ከአንድ መቶ ግራም ነበረች፤ አሁን ሰባት ኪሎ ከሦስት መቶ ሆነች። ይታየሽ እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምራለች፤ ቁጥሩን ለማንበብ ማንንም አልጠበቀችም።

«ቀነሰች» አለች።

«መቀነሷ ጥሩ ነው» አልኋት።

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ለራሴም እንዴት እንደሚሰማ ታወቀኝ። እብጠቷ ውኃ ነው፤ ልጅቱ ስትሻላት ውኃው ይወጣል፣ ክብደቷ መጀመሪያ ይወርዳል፣ ከዚያ በእውነተኛ ሥጋ ይመለሳል። ይህ ትክክል ነው፤ አረጋግጬ የማውቀው ነው። ግን ያንን በፋሲካው ሳምንት ማክሰኞም አረጋግጬ የማውቀው መስሎኝ ነው የተናገርሁት፤ ሁለቱም የወጡት ከአንድ አፍ ነው። ማስረዳት ጀምሬ መሐል ላይ አቆምሁ።

ይታየሽ ልጇን ከሚዛኑ አንሥታ ጭኗ ላይ አስቀመጠችና፣ ሲስተር አልጣሽ ጠዋት ጠዋት ስታደርግ እንዳየችው፣ በአውራ ጣቷ የልጅቱን እግር ተጫነች። ቆጠረች፤ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አያለሁ። አነሣችና ጣቷ በእብጠቱ ላይ ጉድጓድ ትቶ እንደሆነ ጎንበስ ብላ አየች፤ አልተወም። ሌላውንም እግር ተጫነች። ቀጥላ ክርኖቿን አጥፋ ዘረጋች፣ ከጉልበቶቿ ኋላ አየች፣ አንገቷን ገልባ በጣቷ ዳበሰች። ክፍሉ ውስጥ ያለን ሁሉ፣ ከሐኪሞቹ አንዱም ጭምር፣ እሷን እንጠብቃለን።

ከዚያ እጇን ወደ ሲስተር አልጣሽ ዘረጋች።

«ኩባያውን» አለች።

እኔ በቆምሁበት ቆየሁ። ሠርካለም ኩባያውን በሁለት እጇ ይዛ መጠጣት ጀመረች። ይታየሽ እኔን አላየችኝም፤ ልጅቱ ጠጥታ እስክትጨርስ ዓይኗን ከክንዷ ላይ አላነሣችም።